የጤና ትምህርት ፍሬው በምን ይለካል?

(ወደ አምደወርቅ ለሚሄዱት ተማሪዎች በማኅበሩ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)




የክረምቱ ዕረፍት ሲደርስ የዋግ ተወላጆች የሆንነው ተማሪዎች፣ ከእኛም ጋር ለመሄድ ፈቃደኛ የሆኑ ጓደኞቻችን፣ ወደ ደሐና ወረዳ ዋና ከተማ ወደ አምደወርቅ ወርደን በየቀበሌው ስለ ትራኮማ፣ ማለት ስለ ዓይን ማዝ በሽታ፣ ለማስተማር ተነሥተናል። ማኅበሩም ስለዚህ ጉዞ እንድንናገር ጠይቆናል። ስለ ስንቁ፣ ስለ መጓጓዣውና ስለሚባዛው ወረቀት የሚናገር ሰው አይጠፋም። እኛ ዛሬ በእናንተ ፊት ልናነሣው የፈለግነው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ይኸውም አስተምረን ስንመለስ ትምህርታችን ፍሬ ማፍራቱን ወይም አለማፍራቱን በምን እናውቃለን? የሚለው ነው።

ጥያቄው ለአንዳንዶቻችሁ አላስፈላጊ መስሎ ይታይ ይሆናል። መልካም ነገር አስተማርን፤ ሰው ሰማ፤ ጭብጨባም ነበረ፤ ከዚህ ወዲያ ምን ይፈለጋል? ትሉ ይሆናል። በልማዳችንም የጤና ዘመቻ ሲያበቃ የሚጻፈው ሪፖርት ይህን የመሰለ ነው፤ ይህን ያህል ወረቀት ታደለ፤ ይህን ያህል ስብሰባ ተደረገ፤ ይህን ያህል ሕዝብ ትምህርቱ ደረሰው ይላል። ይህ ሁሉ ግን እኛ የሠራነውን ይናገራል እንጂ በሰሚው ቤት የሆነውን አይናገርም። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ እንደሚባለው ነው።

ነገሩ የወረቀት ጉዳይ ብቻ ቢሆን ኖሮ ጊዜያችሁን ባልወሰድን ነበር። ነገር ግን ፍሬው ሳይመረመር የቀረ ዘመቻ አንድ ክፉ ልማድ አለው። በሽታው እንደነበረ ሲገኝ ሪፖርቱ ጥፋቱን የሚጥለው በአስተማሪው ላይ አይደለም፤ በተማረው ሕዝብ ላይ ነው። «ኅብረተሰቡ የግንዛቤ ማነስ ስላለበት»፣ «ሕዝቡ ገና ስላልነቃ» ተብሎ ይጻፋል። በሚቀጥለውም ዓመት ያው ትምህርት በበለጠ ድምፅ ይደገማል። እንግዲህ በልጇ ዓይን ላይ ዝንብ የሰፈረባት እናት በሽታውን በተሸከመችው ላይ ወቀሳውንም ትሸከማለች ማለት ነው። እኛም ይህን ወቀሳ ይዘን ወደ ገዛ እናቶቻችን ደጅ መሄድ አንፈልግም።

አሁን ስለ በሽታው ጥቂት እንበል። ትራኮማን የሚያመጣው ክላሚዲያ የተባለ ተዋሕስያን ነው። ከታመመ ሕፃን ወደ ጤነኛው የሚተላለፈው ዓይናር በነካው ጣት፣ ፊት በተጠረገበት የነጠላ ጫፍ፣ እንዲሁም ከዓይን ወደ ዓይን በሚበር ዝንብ ነው። ይህ ዝንብ በይበልጥ የሚራባው በሜዳ ላይ በተጣለ የሰው ዓይነ ምድር ላይ መሆኑ ታውቋል። ሕፃኑ ደጋግሞ ሲያዝ የዓይኑ ቆብ ከውስጥ ይጠባሰሳል፤ ከብዙ ዓመት በኋላም ቆቡ ወደ ውስጥ ይታጠፍና ሽፋሽፍቱ በእያንዳንዱ ጥቅሻ ብሌኑን ይፍቃል። በመጨረሻም ዓይኑ ይጠፋል። ሕፃናትን የሚያቅፉትና የሚንከባከቡት ሴቶች ስለሆኑ ከወንዶች ይልቅ ሴቶች በብዛት ይታወሩበታል። በወረንጦ ሽፋሽፍቷን እየነቀለች የምትኖር እናት ወይም አያት በአገራችን ማን አላየም?

በመላው ኢትዮጵያ የተደረገው የዓይን ሕመም ጥናት እ.ኤ.አ. በ2006 ሲጠናቀቅ፣ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 9 ዓመት ከሆናቸው ሕፃናት መካከል 40 በመቶ ያህሉ፣ በአማራ ክልል ደግሞ 62 በመቶ ያህሉ፣ ንቁ የትራኮማ ምልክት ተገኝቶባቸው ነበር። (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸው ይታወቅልን።) የዓለም የጤና ድርጅት በሽታው የሕዝብ ችግር መሆኑ አብቅቷል የሚለው ከነዚህ ሕፃናት ውስጥ ምልክቱ የሚታይባቸው ከ5 በመቶ በታች ሲሆኑ፣ በሽፋሽፍት መቀልበስ የሚሠቃዩትም እጅግ ሲያንሱ ነው። ከ62 እስከ 5 ያለው መንገድ ምን ያህል ረጅም እንደሆነ እናንተው አስቡት።

መድኃኒት የለም እንዳይባል መድኃኒት አለ። በዓለም የተቀበሉት ዘዴ አራት ክፍል ያለው ነው፤ የተቀለበሰውን ሽፋሽፍት በቀዶ ሕክምና ማቅናት፣ አዚትሮማይሲን የተባለውን መድኃኒት ለመንደሩ ሁሉ ማደል፣ የፊት ንጽሕና፣ የአካባቢ ንጽሕና ናቸው። በአማራ ክልል ከ2008 ጀምሮ የወባና የትራኮማ ሳምንት እየተባለ በየዓመቱ ሕዝቡ በዘመቻ መድኃኒቱን እንዲወስድ ሲደረግ ቆይቷል። ከአራቱ ክፍሎች ሁለቱ የሐኪምና የመድኃኒት ሥራ ናቸው። ሁለቱ ግን ሰው በቤቱ በየቀኑ የሚሠራው ነውና በትምህርት ላይ የተመሠረቱ ናቸው። ለእኛም የተሰጡን እነዚህ ሁለቱ ናቸው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን እንመለስ። ለጥያቄያችን ከሩቅ አገር መልስ መፈለግ አያስፈልገንም፤ ዋግ ራሷ ለዓለም መልስ ሰጥታለችና።

ከ2015 መጨረሻ እስከ 2019 መጀመሪያ ድረስ በዋግ ኽምራ፣ ማለት በሰቆጣ ዙሪያ፣ በሰቆጣ ከተማና በጎረቤታችን በጋዝጊብላ፣ አንድ ትልቅ ምርመራ ተካሄደ። ያካሄዱትም በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሳን ፍራንሲስኮው የፕሮክተር የዓይን ምርምር ተቋምና በኢትዮጵያ የሚሠራው የካርተር ማዕከል ከሌሎች ባልደረቦቻቸው ጋር ነበሩ። የምርመራው አጭር ስም ሲነበብ «ውሃ» እንዲል ተደርጎ የወጣ ነው። 40 የገጠር መንደሮች ተመርጠው በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ። ለ20ዎቹ መንደሮች የውሃ ቦታ ተሠራላቸው፤ በየቤቱ መታጠቢያ እንዲኖር ተደረገ፤ ሳሙና ታደለ፤ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ስለ ንጽሕና ትምህርት ተሰጠ፤ መንደር ለመንደርም ስለ ፊት መታጠብና ስለ መጸዳጃ ቤት ምክር ተሰጠ። የቀሩት 20ዎቹ ለጊዜው እንደነበሩ ቆዩ። በየዓመቱ የመንደሩ ሁሉ መድኃኒት ሲወስድ የነበረው ልማድ ግን በሁለቱም ወገን እንዲቆም ተደረገ። ከዚያም በየዓመቱ ከልደት እስከ 5 ዓመት የሆናቸው ሕፃናት የዓይን ቆብ በጥጥ እየተነካ ተዋሕስያኑ መኖርና አለመኖሩ በላቦራቶሪ ተመረመረ።

ውጤቱ በ2022 ታትሞ ወጣ። ሲጀመር በሁለቱም ወገን ከሕፃናቱ 11 በመቶ ያህሉ ተዋሕስያኑ ነበረባቸው። ከሦስት ዓመት በኋላ ትምህርትና ውሃ ባገኙት መንደሮች 32 በመቶ፣ ምንም ባላገኙት ደግሞ 31 በመቶ ሆነ። ልዩነት አልተገኘም። መድኃኒቱ ከቆመ በኋላ የተነሣውን በሽታ ያ ሁሉ ድካም ሊያግደው አልቻለም።

ጓደኞቻችን፤ ይህን ውጤት መጀመሪያ ያነበብን ጊዜ አዝነናል። ነገር ግን ደጋግመን ስናየው ከማዘን ይልቅ ብዙ ትምህርት አገኘንበት።

አንደኛው ትምህርት ስለ ማነጻጸር ነው። በዕጣ የተለዩት ሌሎቹ 20 መንደሮች ባይኖሩ ኖሮ ምን ይባል እንደነበር እስቲ አስቡ። በሽታው ከ11 ወደ 32 በመቶ ወጣ፤ ስለዚህ ትምህርቱ ጎዳ ሊባል ነበር። ወይም ደግሞ መድኃኒቱ ሳይቆም ትምህርቱ ተሰጥቶ ቢሆን ኖሮ በሽታው በመድኃኒቱ ኃይል ይወርድ ነበር፤ እኛም ሳሙናው ነው፣ ምክራችን ነው ብለን እናጨበጭብ ነበር። በፊት ይህን ያህል ነበረ፤ አሁን ይህን ያህል ሆነ የሚለው ንግግር ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። ዝናም የዘነበበትን ዓመት ካልዘነበበት ጋር፣ መድኃኒት የመጣበትን ዓመት ካልመጣበት ጋር እያነጻጸሩ የትምህርትን ዋጋ መናገር አይቻልም።

ሁለተኛው ትምህርት የሚጠየቀውን ሰው ስለ መምረጥ ነው። ለዚህ ከሌላ በሽታ አንድ ምሳሌ እናምጣ። ከ2002 እስከ 2004 በኢትዮጵያ ሬዲዮ «የቀን ቅኝት» የተባለ ተከታታይ ድራማ በ257 ክፍሎች ቀርቦ ነበር። ከመምህራኖቻችን መካከል በየሳምንቱ ይጠብቁት የነበሩ እንዳሉ እናውቃለን። ድራማው ካበቃ በኋላ ድራማውን የሚያዳምጡ ወንዶች ከማያዳምጡት አራት እጥፍ፣ ሴቶች ደግሞ ሦስት እጥፍ የኤች አይ ቪ ምርመራ ማድረጋቸው ተነገረ። ድራማው ብዙ ሰው እንዳነቃቃ አንጠራጠርም። ነገር ግን ሬዲዮ ያለው፣ ለማዳመጥም ጊዜ የሚያገኝ ሰው መጀመሪያውኑ ለከተማና ለጤና ጣቢያ የቀረበ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ከአራቱ እጥፍ ውስጥ ምን ያህሉ የድራማው፣ ምን ያህሉ የሰውየው ኑሮ እንደሆነ ከዚህ ቁጥር ብቻ ለይቶ ማወቅ አስቸጋሪ ነው። እኛም አምደወርቅ ላይ ወደ ስብሰባችን የመጡትን ብቻ ብንጠይቅ እዚሁ ወጥመድ ውስጥ እንገባለን። ወደ ስብሰባ የሚመጣው መንገዱ የቀረበው፣ ሥራው የፈቀደለት፣ ዓይኑም የሚያይለት ሰው ነውና።

ሦስተኛው ትምህርት ስለሚለካው ነገር ነው። በቡርኪና ፋሶ ከ2012 እስከ 2015 ድረስ 14 የሬዲዮ አካባቢዎች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው፣ በ7ቱ የሕፃናትን በሽታ የሚመለከት ትምህርት ለ35 ወራት ሲተላለፍ ነበር። ፍሬውን ለማወቅ ሰውን መጠየቅ ብቻ ሳይሆን የጤና ጣቢያዎቹ መዝገብ ተገላበጠ። በመጀመሪያው ዓመት ለወባ የሚመጡት ሕፃናት በ56 በመቶ፣ ለተቅማጥ የሚመጡት በ73 በመቶ ጨምረው ተገኙ። የሕፃናት ሞት ግን በሁለቱም ወገን ስለቀነሰ በመካከላቸው ልዩነት ማሳየት አልተቻለም። ይህን የሠሩት ሰዎች ሁለቱንም ነገር አንድ ላይ አሳተሙት፤ ሰው ተነሥቶ ሐኪም ቤት ሄዷል፤ ሞት በዚህ ምክንያት መቀነሱን ግን ማረጋገጥ አልቻልንም አሉ። እንዲህ ያለ ሪፖርት የሚጽፍ ሰው ክብር ይገባዋል።

ከነዚህ ምሳሌዎች የምንረዳው በሰማ ሰውና በዳነ ዓይን መካከል ረጅም ሰንሰለት መኖሩን ነው። ሰው መጀመሪያ ይሰማል፤ ከዚያ ይገባዋል፤ ከዚያ ያምንበታል፤ ከዚያ ለመሥራት ይችላል፤ ከዚያ ይሠራል፤ ከዚያም ሳይሰለች ይቀጥላል፤ በመጨረሻም የሠራው ነገር በሽታውን ለማገድ ይበቃል ወይም አይበቃም። ከነዚህ አንዱ ቀለበት ከተበጠሰ የቀሩት ዋጋ የላቸውም። እኛ በልማድ የምንቆጥረው የመጀመሪያውን ቀለበት ነው፤ ሲበጠስ ግን ጥፋቱን የምናደርገው የሁለተኛው ነው፤ ሕዝቡ አልገባውም እንላለን።

የወባ አጎበርን ነገር እዩት። በ2015 በተደረገው የአገሪቱ የወባ ጥናት ወባ ባለበት አካባቢ ከሚኖሩት ቤተሰቦች 64 በመቶዎቹ ቢያንስ አንድ በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ነበራቸው፤ ከሰው ቁጥር ግን ባለፈው ሌሊት በአጎበር ሥር ያደረው 40 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበር። ይህን አይቶ ሰዉ የአጎበርን ጥቅም አያውቅም ብሎ መፍረድ ቀላል ነው። ነገር ግን ስድስትና ሰባት ነፍስ ባለበት ቤት አንድ አጎበር ለስንቱ ይበቃል? በአበርገሌና በዝቋላ ቆላ ሙቀቱ ሲጠና ውጭ የሚያድረው ሰው አጎበሩን በምን ላይ ይስቀለው? እነዚህ የእውቀት ጥያቄዎች ሳይሆኑ የኑሮ ጥያቄዎች ናቸው።

በእኛ ጉዳይ ደግሞ ጥያቄው ውሃ ነው። ዋግ ዝናም የሚያጥርባት ደጋ አገር መሆኗን ማንም ያውቃል። ውሃ በጀርባዋ ወይም በአህያ የምታመጣ እናት እያንዳንዱን ጣሳ ለምን እንደምታውለው ታውቃለች፤ መጀመሪያ ለመጠጥ፣ ቀጥሎ ለሊጥና ለወጥ፣ ከዚያም ለእንስሳው ነው። ፊት መታጠብ በዚህ ተራ ውስጥ መጨረሻ ላይ ቢገኝ የሚያስደንቅ አይደለም። በውሃ እጥረት በምትታወቀው በታንዛኒያዋ ኮንግዋ ይህንኑ የተረዱ ሰዎች እናቶቹን ከመውቀስ ይልቅ በፊታቸው ውሃ እየሰፈሩ በአንድ ሊትር የብዙ ሕፃናት ፊት ሊታጠብ እንደሚችል አሳዩ። ኋላም በዚያው በኮንግዋ በስድስት መንደሮች፣ ሁሉም የዓይን ቅባት ተሰጥቷቸው በሦስቱ ብቻ የፊት መታጠብ ትምህርት ተጨምሮ ሲነጻጸር፣ በ1995 የወጣው ውጤት ትምህርቱ ባለበት የከፋው ዓይነት ትራኮማ ማነሱን አሳይቷል፤ በጠቅላላው ትራኮማ ላይ ግን ግልጽ ልዩነት አልታየም። እንግዲህ ፊት መታጠብ ከንቱ ነው የሚል ሰው ቢኖር ይህ መልሱ ነው። የዋጉም ምርመራ ፊት አትታጠቡ አላለም። በሽታው በበረታበት አገር መድኃኒቱን አቁሞ በትምህርት፣ በሳሙናና በጥቂት ውሃ ብቻ ተመክቶ መቀመጥ እንደማይቻል ነው የነገረን።

አንዳንድ ወንድሞቻችን እንዲህ ይሉ ይሆናል፤ ሕዝብ ሲታመም እያየን ግማሹን አስተምረን ግማሹን ለማነጻጸሪያ መተው ግፍ አይደለምን? ተገቢ ጥያቄ ነው። ነገር ግን በአንድ ክረምት የወረዳውን ቀበሌዎች ሁሉ ልናዳርስ እንደማንችል ሁላችንም እናውቃለን። የማንደርስባቸው መኖራቸው ካልቀረ፣ ማን እንደሚቀድም በዕጣ ይወሰን፤ የቀሩትም በሚቀጥለው ክረምት ይዳረሱ። አሁን በሚሠራው ልማድ የሚቀድመው ለመኪና መንገድ የቀረበው ቀበሌ ነው። ዕጣ ከዚህ ይልቅ ፍትሐዊ ነው። ይልቁንም ግፍ የሚሆነው የማይረባ ትምህርት እንዳይረባ ሳናውቅ ዓመት ከዓመት በሕዝቡ ጊዜ ላይ ስንደግመው ነው።

ሌሎች ደግሞ እነዚያ ላቦራቶሪና ገንዘብ ያላቸው ናቸው፤ እኛ ተማሪዎች ምን አቅም አለን? ይላሉ። እውነት ነው፤ የሕፃን ዓይን በጥጥ ነክተን ልንመረምር አንችልም፤ አይፈቀድልንምም። ስለዚህ በሽታው ቀነሰ ብለን ለመናገር መብት የለንም። ስለ ልማድ መለወጥ ግን በእርሳስና በደብተር ልናውቀው የምንችለው ብዙ ነገር አለ። ለመሥራት ያሰብነውን ባጭሩ እነሆ፤

1ኛ፤ ከመነሣታችን በፊት ምን ብናገኝ ትምህርታችን አልሠራም እንደምንል በጽሑፍ አስቀምጠን እንፈርምበታለን። ውጤት ከታየ በኋላ መለኪያ መምረጥ ዒላማን በተመታው ቦታ ላይ እንደ መሣል ነው።

2ኛ፤ ያስተማረው ሰው አይለካም፤ የሚለካው ሌላ ነው። እናቲቱ ለአስተማሪዋ ልጄን በየቀኑ አጥባለሁ ብትል ውሸታም ስለሆነች አይደለም፤ እንግዳን ላለማሳዘን የምትናገረው የጨዋነት ቃል ነው።

3ኛ፤ ከመጠየቅ ይልቅ ማየትን እናስቀድማለን። በቤቱ ደጅ መታጠቢያ አለ ወይ? ከሥሩ ያለው አፈር እርጥብ ነው ወይስ ደረቅ? ሳሙና አለ ወይ? በሕፃኑ ፊት ላይ ዓይናር ወይም ዝንብ ይታያል ወይ? ይህንንም የምናየው በቀበሌውና በወላጆቹ ፈቃድ፣ ቀኑን ግን አስቀድመን ሳንናገር ነው። እንግዳ ይመጣል ሲባል የልጁን ፊት የማያጥብ ቤት የለምና።

4ኛ፤ በሁለቱም ወገን፣ በተማሩትም ባልተማሩትም ቀበሌዎች፣ በአንድ ዓይነት ቅጽ እንለካለን፤ ወደ ስብሰባ ያልመጡትን ቤቶች ደግሞ በተለይ እንጎበኛለን።

5ኛ፤ የቋንቋውን ነገር እንመረምራለን። በዋግ ብዙ እናቶች ከልጆቻቸው ጋር የሚነጋገሩት በኽምጣንጋ ነው። ትምህርታችን በአማርኛ ብቻ ከሆነ ባልዮውና ተማሪው ልጅ ሰምተውት ፊት የምታጥበው እናት ላትሰማው ትችላለች። ስለዚህ ቃሉን ከመጠቀማችን በፊት ጥቂት እናቶች በራሳቸው አነጋገር መልሰው እንዲነግሩን እናደርጋለን፤ የተመለሰልን ቃል ከላክነው ካልገጠመ ጉድለቱ የእኛ ነው።

6ኛ፤ ሞክረው የተዉትን ሰዎች ለምን እንደተዉ እንጠይቃለን። ከሁሉ የበለጠ እውቀት ያለው በእነርሱ ዘንድ ነው።

7ኛ፤ ይህ ከሁሉ ይበልጣል፤ በክረምት ለክተን አናበቃም። በሐምሌና በነሐሴ ውሃ በየደጁ ይፈሳል፤ ፊት መታጠብም ቀላል ነው። ነሐሴ ላይ ለክተን ድል አደረግን ብንል ያመሰገንነው ዝናሙን እንጂ ትምህርታችንን አይደለም። ፈተናው ምንጩ በሚደርቅበት በሚያዝያና በግንቦት ነው። ስለዚህ በፋሲካ ዕረፍት ከመካከላችን ጥቂቶች ተመልሰው ያንኑ ቅጽ ይሞላሉ።

ከዚህም ጋር አንድ ነገር ልናስታውስ ይገባናል። ሂዱ፣ ታከሙ ብለን ስናስተምር የሚታከሙበት ቦታ መኖሩን አስቀድመን እንይ። በ2021ና በ2022 በነበረው ጦርነት በአማራ ክልል ብዙ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ ተጎድተዋል፤ ዋግም ከዚህ አላመለጠችም። ሽፋሽፍቷ የተቀለበሰባትን ሴት ለቀዶ ሕክምና ሂጂ ብለን ልከናት፣ ግማሽ ቀን ተጉዛ ደርሳ፣ የሚሠራው ባለሙያ የለም ወይም ዕቃው የለም ብትባል፣ የእኛ ትምህርት ለርሷ ምንድር ነው? ሁለተኛ ብንጠራት ትመጣለችን? ስለዚህ ስለ ቀዶ ሕክምና ከማስተማራችን በፊት የት፣ በየትኛው ቀን፣ በማን እንደሚሰጥ ከወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ጠይቀን እንረዳለን። በየቀበሌው ያሉት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም በመላው አገሪቱ ይህን ሸክም የተሸከሙ እኅቶች ናቸው፤ እኛ ለሁለት ወር እንግዶች ነን፤ እነርሱ ግን ነዋሪዎች ናቸው። ቅጹን ከእነርሱ ጋር ካላዘጋጀነው፣ የተገኘውንም መጀመሪያ ለእነርሱ ካልነገርን፣ ሥራችን ከእኛ ጋር መጥቶ ከእኛ ጋር የሚሄድ ይሆናል።

መምህራኖቻችን ሆይ፤ ከእናንተ የምንለምነው አንድ ነገር ነው። የመለኪያችንን ቅጽ ከመነሣታችን በፊት መርምሩልን፤ ደካማውን ቦታ ሳትራሩ አሳዩን። ስንመለስ ከምትነቅፉን አሁን ብትነቅፉን ይሻላል።

ከማኅበራችን ደግሞ የምንለምነው በዚህ ጋዜጣ ላይ አንድ ገጽ እንዲጠበቅልን ነው። ገጹ ዛሬ ይሰጠን፤ ውጤቱ ምን እንደሚሆን ማንም በማያውቅበት ጊዜ። ትምህርታችን ቢሠራ በዚያ ገጽ እንጽፈዋለን፤ ባይሠራም በዚያው ገጽ፣ በዚያው መጠን ፊደል እንጽፈዋለን። በሌላ ወረዳ ለመሄድ የሚነሡ ተማሪዎች ከደረስንበት እንዲጀምሩ፣ እኛ የወደቅንበትም ጉድጓድ እንዲታያቸው ነው።

ውሃን ከጥሩ ነገርን ከሥሩ ይላል ያገራችን ሰው። እኛ ለአምደወርቅ እናቶች ጥሩውን ውሃ ልናመጣላቸው አንችል ይሆናል። ነገሩን ከሥሩ መመርመር ግን እንችላለን። በግንቦት ወር ምንጩ ሲደርቅ ወደ እነዚያ ቤቶች ተመልሰን፣ የሕፃናቱን ፊት ዓይተን፣ ያየነውን ሳንጨምር ሳንቀንስ ብንጽፍ፣ ቢያንስ አንድ ነገር እንፈጽማለን፤ ባልሠራ ትምህርት እናትን መውቀስ በእኛ ሪፖርት ውስጥ አይገኝም።